ታሪኩን ማን አዘጋጀው?

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ልጆች ለምታሳድጉ ወላጆች እንግዳ አይሆንም። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ወይም ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲመለስ ቦርሳው ውስጥ ብዙ ገጽ ያላቸው ባለ ቀለም ዳይሶች፣ በእርሳስ የተሞላ ቅጽ፣ ምናልባትም ሽፋኑ ላይ ዘንዶ የተሳለበት ወፍራም መጽሐፍ አይታችሁ ይሆናል። “ምንድን ነው ይሄ?” ስትሉትም “ዲ ኤንድ ዲ ነው፣ ጨዋታ ነው” ብሎ አልፏችሁ ይሆናል።

ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? አንዳንድ ወላጆች ሽፋኑን ብቻ አይተው መጽሐፉን ይጥሉታል። ሌሎች ደግሞ “ጨዋታ ነው ካለ ጨዋታ ነው” ብለው ይተዉታል። ሁለቱም ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ። ይህ ጨዋታ እንደ ዳማ ወይም እንደ ሉዶ በየቤቱ አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዱ ቤት የሚጫወቱትና በሌላው ቤት የሚጫወቱት ስሙ አንድ ሆኖ ይዘቱ ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ከጨዋታው በፊት የሚደረገው ዝግጅት ነው። ስለዚህ ወላጅ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ፣ “የዛሬውን ታሪክ ማን አዘጋጀው? ምንስ አስገባበት?” የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ በሚገባ ለመጠየቅ ግን ዝግጅቱ ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። እስቲ አብረን እንየው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው እንዴት ያለ ነው?

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1974 ነው። ያዘጋጁት በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በሌክ ጄኔቫ ከተማ ይኖር የነበረው ጋሪ ጋይጋክስና የሚኒሶታው ዴቭ አርነሰን ናቸው። ሁለቱም ቀደም ሲል በጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ወታደሮች እየደረደሩ የጦርነት ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። አዲሱ ሐሳባቸው እያንዳንዱ ተጫዋች ጦር ሠራዊትን ሳይሆን አንድን ሰው ብቻ ይዞ እንዲጫወት ማድረግ ነበር። የመጀመሪያው ኅትመት ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት የያዘ ሣጥን ሲሆን ብዛቱም 1,000 ብቻ ነበር። ዛሬ ጨዋታው የሃዝብሮ ኩባንያ አካል በሆነው በዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት እጅ ይገኛል። ብዙዎች የሚያውቁት አምስተኛው እትም በ2014 ወጥቶ በ2024 ተሻሽሏል።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። አራት ወይም አምስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆናል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። መሪው፣ “ድልድዩ ተሰብሯል። ከወንዙ ማዶ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ይሰማል። ምን ታደርጋላችሁ?” ይላል። ተጫዋቾቹ ይመካከሩና ይመልሳሉ። የሚሞክሩት ነገር መሳካቱ የሚያጠራጥር ከሆነ 20 ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል፤ ለቀላል ነገር 10፣ ለመካከለኛ 15፣ ለከባድ 20 ማግኘት ያስፈልጋል። በመጨረሻ አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ቡድኑ በአንድነት ይደርሳል ወይም በአንድነት ይቸገራል።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

በአሜሪካ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ይህን ጨዋታ ለብዙ ዘመን በጥርጣሬ እንዳዩት ታውቁ ይሆናል። ምክንያት ነበረው። በ1979 በሚሺጋን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠፋ። ጋዜጦችም ጨዋታውን በዩኒቨርሲቲው ሥር ባሉ የእንፋሎት ዋሻዎች ውስጥ ሲጫወት ጠፍቶ ይሆናል ብለው ጻፉ። ልጁ ከሳምንታት በኋላ በሌላ ግዛት ተገኘ። ፍለጋውን የመራው መርማሪ በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የችግሩ ሥር ጨዋታው ሳይሆን የልጁ ከባድ ኀዘንና ጭንቀት እንደነበረ አስረዳ። ይሁን እንጂ ወሬው ቀድሞ ሄዶ ነበር። በ1982 በቨርጂኒያ አንድ ወጣት ራሱን ሲያጠፋ እናቱ ጨዋታውን ከሰሰች፤ በማግስቱ ዓመትም ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር አቋቋመች። በ1984 ጃክ ቺክ ጨዋታውን የጥንቆላ መግቢያ በር አድርጎ የሚያሳይ በሥዕል የተዘጋጀ ትራክት አሳተመ። አሳታሚው ድርጅት በበኩሉ በ1989 ባወጣው ሁለተኛ እትም ለአጋንንት የሰጣቸውን ስሞች ከመጻሕፍቱ አወጣ። በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም ግን ስሞቹ ተመለሱ።

ጨዋታው ራስን ለማጥፋት እንደሚዳርግ የሚያሳይ ማስረጃ ኋላ የተደረጉት ጥናቶች አላገኙም። በዚያው በ1984 ዲክ ዉልፍ የተባለ አሜሪካዊ ክርስቲያን ድራገንሬይድ የተባለ ተመሳሳይ ጨዋታ ለክርስቲያን ወጣቶች አዘጋጀ። በእርሱ ጨዋታ ተጫዋቹ ኃይል የሚያገኘው በቃሉ ያጠናውን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ሲናገር ነበር። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ አገር፣ አንዱ ክርስቲያን ይህን ዓይነት ጨዋታ ሲያወግዝ ሌላው ለማስተማሪያ አዋለው። ዳይሱና ጠረጴዛው ያው ሲሆኑ የተለወጠው አዘጋጁና ያዘጋጀው ነገር ነው።

ገጸ ባሕርይ ሲዘጋጅ

የልጃችሁ ቅጽ ላይ ስድስት ቁጥሮች ታያላችሁ፦ ጥንካሬ፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ጥበብና ግርማ ሞገስ። ከአከፋፈል መንገዶቹ አንዱ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8 የሚሉትን ቁጥሮች ለስድስቱ ማደል ነው። 15 የተሰጠው ችሎታ በዳይሱ ውጤት ላይ 2 ይጨምራል፤ 8 የተሰጠው ደግሞ 1 ይቀንሳል።

ልጆች ሁሉ 15ቱን የት እንደሚያስቀምጡ ለመወሰን ይቸኩላሉ። እናንተ ግን 8ቱን ጠይቁ። “ይህ ሰው የማይችለው ምንድን ነው? በዚያ ጊዜ ማን ይረዳዋል?” በሏቸው። ጨዋታው የሚያምረው እዚህ ላይ ነው። ጠንካራው ተዋጊ መናገር ስለማይችልበት አንደበተ ርቱዕ ጓደኛውን ይፈልጋል፤ ርቱዑ ደግሞ ገደሉን ለመውጣት የተዋጊውን ትከሻ ይፈልጋል። ድካም የሌለበት ገጸ ባሕርይ ጓደኛ አያስፈልገውም፤ ጓደኛ ካላስፈለገው ደግሞ ከሌሎች ጋር መቀመጡ ትርጉም የለውም።

ቁጥሮቹ ግን ሰውየውን አይሠሩትም። በ2014 ለጀማሪዎች በወጣው ሣጥን ውስጥ ያለውን “ሎስት ማይን ኦቭ ፋንዴልቨር” የተባለ ጀብዱ እንመልከት። ሣጥኑ አምስት የተዘጋጁ ገጸ ባሕርያት አሉት። አንዱ ድንክ ካህን ነው፤ በታሪኩ መጀመሪያ የሚጠፋው ሰው የአጎቱ ልጅ ነው። ሌላው ቀስተኛ ነው፤ ወላጆቹ የኖሩባት ከተማ ፈርሳለች፣ አሁን ደግሞ ዘንዶ ሰፍሮባታል። አስተውሉ፤ ሁለቱም ወደ ጀብዱው የሚገቡት ወርቅ ለመሰብሰብ ብቻ አይደለም። የሚያስቡለት ሰው፣ የሚያዝኑለት ስፍራ አላቸው።

ስለዚህ ልጃችሁ ቅጹን ሞልቶ ሲጨርስ ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁት፦

1ኛ. ይህ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ምንድን ነው?
2ኛ. ከሁሉ በላይ የሚፈራው ምንድን ነው?
3ኛ. ቢጠፋ የሚያለቅስለት ማን ነው?

ሰይፍና ጋሻ ብቻ ያለው ገጸ ባሕርይ ለሚገጥመው ነገር ሁሉ መልሱ ሰይፍ ነው። የምትጠብቀው እናት ያለችው ገጸ ባሕርይ ግን ሰይፉን ከመምዘዙ በፊት ቆም ይላል።

ጀብዱ ሲዘጋጅ

አዲስ መሪዎች የሚሳሳቱት በአንድ ነገር ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጽፉታል። ተጫዋቾቹ መጀመሪያ እዚህ ይሄዳሉ፣ ቀጥሎ ይህን ይላሉ፣ በመጨረሻ ጭራቁን ይገድላሉ ብለው ይወስናሉ። ከዚያም ልጆቹ ያልታሰበ ነገር ሲያደርጉ “አይቻልም” ይሏቸዋል። ይህ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ስብከት ይሆናል፤ ያውም ረጅም ስብከት! ጥሩ መሪ ሁኔታውን ያዘጋጃል፣ መጨረሻውን ግን ለተጫዋቾቹ ይተዋል።

ማይክ ሼይ የተባለ የጨዋታ ጸሐፊ በ2018 ባወጣው መጽሐፍ ዝግጅቱን በስምንት ደረጃዎች ከፍሎታል። የመጀመሪያው ደረጃ ስለ ጭራቆች አይደለም፤ የተጫዋቾቹን ገጸ ባሕርያት አንድ በአንድ ማስታወስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚይዝ አጀማመር፣ ሊከሰቱ የሚችሉ ትዕይንቶች፣ ምስጢሮችና ፍንጮች፣ ቦታዎች፣ በታሪኩ ውስጥ የሚገኙ ሰዎች፣ ጠላቶችና ሽልማቶች ይከተላሉ። አጀማመሩ ምን ያህል እንደሚረዳ ለማየት ቅድም ወደጠቀስነው ጀብዱ እንመለስ። ተጫዋቾቹ ጋሪ እየነዱ ሲሄዱ መንገዱን ዘግተው የወደቁ ሁለት የሞቱ ፈረሶች ያገኛሉ። ረጅም መግቢያ የለውም፤ ወዲያው ሁሉም “ምን ሆነው ነው?” ይላል።

ጀስቲን አሌክሳንደር የተባለ ሌላ ጸሐፊ ደግሞ ስለ ፍንጮች ጠቃሚ ምክር ሰጥቷል። ተጫዋቾች እንዲደርሱበት ለምትፈልጉት ነገር ሁሉ ቢያንስ ሦስት ፍንጭ አዘጋጁ ይላል። አንዱን አያዩትም፣ ሁለተኛውን በተሳሳተ መንገድ ይረዱታል፣ ሦስተኛው ያደርሳቸዋል።

አንድ ምሳሌ

አሁን ለአንድ ምሽት የሚሆን ጀብዱ አብረን እናዘጋጅ። በተራራ ግርጌ ያለች መንደር ምንጯ ከሦስት ሳምንት ወዲህ እየደረቀ ነው። ሰዉ “ላይ ዘንዶ አለ” ይላል። ገበሬዎቹ በአምስት ቀን ውስጥ መጥረቢያና ጦር ይዘው ሊወጡ ተማክረዋል። አጀማመሩ ይህ ነው፦ ልጆቹ መንደሯ ሲገቡ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ እንስራ ውሃ ሲጣሉ ያያሉ።

ምስጢሩ ምንድን ነው? ከላይ ዘንዶ የለም። ያለው አንድ ግዙፍ ሰው ነው። ትንሽ ልጁ በትኩሳት ስለተያዘች ሰውነቷን የሚያቀዘቅዝበት ኩሬ ለመሥራት ወንዙን ገድቦታል። ከዓመታት በፊት ሰዎች በድንጋይ ስላባረሩት እርዳታ ለመጠየቅ ወደ መንደር አይወርድም።

“ላይ ያለው ጠላት ሳይሆን አባት ነው” ወደሚለው የሚያደርሱት ሦስት ፍንጮችም እነዚህ ናቸው፦

የመጀመሪያው፣ ምንጩ አጠገብ ውሃ ያመጣው ከእንጨት የተቀረጸ አሻንጉሊት ይገኛል፤ ቁመቱ ግን የአንድ ትልቅ ሰው ያህል ነው።

ሁለተኛው፣ መድኃኒት ቀማሚዋ አሮጊት በየሌሊቱ ከጓሮዋ የትኩሳት ቅጠል እየተቆረጠ በምትኩ ጥሬ ብር እየተተወላት መሆኑን ትናገራለች። ሌባ ይከፍላል እንዴ?

ሦስተኛው፣ ፍየል ጠባቂው ልጅ ሌሊት ከተራራው ላይ እንደ ነጎድጓድ የሚያስገመግም እሹሩሩ ሰምቷል።

ገጸ ባሕርያቱንም ከታሪኩ ጋር አስተሳስሯቸው። የአንደኛው አባት ገበሬዎቹን ለጦርነት የሚቀሰቅሰው ሰው ይሁን። ሌላኛዋ ከአሮጊቷ መድኃኒት የተማረች ትሁን። ዝግጅታችሁ በዚህ አበቃ፤ አንድ ገጽ ወረቀት አይሞላም።

መጨረሻውስ? እሱን አትጻፉት። ልጆቹ መድኃኒት ይዘው ይወጡ ይሆናል። ግድቡን በሌሊት ያፈርሱት ይሆናል። ውሃውን ለሁለት የሚከፍል ቦይ እንቆፍር ብለው ያስደንቋችሁ ይሆናል። ፍንጮቹን ሁሉ ችላ ብለው ግዙፉን ሰው ሊወጉትም ይችላሉ። በዚህ ጊዜ የወላጅ እጅ ይበላዋል፤ “ተው!” ማለት ያምረዋል። አትከልክሏቸው። ዳይሱ ይጣል፤ ከተሳካላቸውም ይውደቅ። ከዚያም ያዘጋጃችሁትን በእውነት ንገሯቸው፤ ከኩሬው ውስጥ አንዲት የታመመች ልጅ አባቷን ትጣራለች። ውሃው ወደ መንደሯ ይወርዳል፣ ሰዉም እልል ይላል። ጠረጴዛው ግን ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ ምንም ምክር አትጨምሩበት። ልጆቹ ራሳቸው “አሁን ምን እናድርግላት?” ማለታቸው አይቀርም።

ታሪክ እንዲህ ያለ ኃይል እንዳለው ነቢዩ ናታን ያውቅ ነበር። ወደ ንጉሥ ዳዊት የገባው ክስ ይዞ ሳይሆን ስለ አንዲት በግ ታሪክ ይዞ ነው። ዳዊት ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ነበር ራሱን በታሪኩ ውስጥ ያገኘው።

አስማቱስ? ጭራቁስ?

ብዙዎቻችሁ ይህን ለመጠየቅ እንደምትጠብቁ እናውቃለን። አዎን፣ በመጻሕፍቱ ውስጥ አስማተኞች፣ አማልክትና አጋንንት አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ክርስቲያን ቤተሰቦችም በዚህ ላይ አንድ ዓይነት ውሳኔ የላቸውም። ሆኖም ከላይ ያዘጋጀነውን ጀብዱ መለስ ብላችሁ ተመልከቱ። አንድም አስማት፣ አንድም ጣዖት አልገባበትም፤ ምንም አልጎደለውም። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ጠረጴዛችሁ ላይ እንዲቀርብ ግዴታ የለም። ማዕድ ቤት ውስጥ ያለው ቅመም ሁሉ አንድ ወጥ ውስጥ አይገባም።

ተጫዋቾቹ ራሳቸው ለዚህ የሚጠቀሙበት ልማድ አለ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተሰብስበው በታሪኩ ውስጥ የማይገባውን ነገር ይስማማሉ። በተጨማሪም ጆን ስታቭሮፑሎስ የተባለ ሰው ያስተዋወቀው ዘዴ አለ፤ አንድ ካርድ ላይ የኤክስ ምልክት ተጽፎ ጠረጴዛው መሐል ይቀመጣል። ማንም ሰው ታሪኩ የከበደው እንደሆነ ካርዱን ይነካል፤ ያ ነገር ያለ ክርክር ይታለፋል። ልጃችሁ ከቤት ውጭ የሚጫወት ከሆነ እንዲህ ያለ ስምምነት መኖሩን ጠይቁት።

እውነተኛ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከሽፋኑ ሥዕል ይልቅ በእነዚህ ነገሮች ላይ ነው፦

መሪው ማን ነው? ዕድሜውስ? ለአዋቂዎች የተዘጋጀ ታሪክ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አይሆንም።

የሚጫወቱት ፊት ለፊት ነው ወይስ በኢንተርኔት ከማይታወቁ ሰዎች ጋር?

ስንት ሰዓት ይፈጃል? አንድ ጨዋታ ሦስትና አራት ሰዓት መፍጀቱ የተለመደ ነው፤ ጥናቱና እንቅልፉ እንዳይበላ።

በታሪኩ ውስጥ ክፉ ሥራ ዋጋ ያስከፍላል ወይስ ያስቃል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ለልጃችሁ በቁጣ ሳይሆን በጉጉት አቅርቡት። “ባለፈው ምን ሆናችሁ?” ብላችሁ ጀምሩ። ሲተርክላችሁ የመሪውን ዝግጅት በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ።

ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ፤ እናንተው አዘጋጁ። ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አሳታሚው በጥር 2023 የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ሕጎች የያዘውን ሰነድ ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ለቅቆታል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሕጉን ልጆቹ ያንብቡላችሁ፤ ታሪኩን እናንተ በአማርኛ አምጡ። አያት ካሉ እሳቸውም ይቀመጡ። ተረት መናገር ከእኛ ቤት የጠፋ ሙያ አይደለም፤ እዚህ ላይ የሚጨመረው አድማጩ መሐል ላይ አስቁሞ “እኔ ብሆን ግን እንዲህ አደርጋለሁ” ማለት መቻሉ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ወንበር ተለዋወጡ። ልጃችሁ መሪ ይሁን፣ እናንተ 8ቱን ቁጥር በግርማ ሞገሳችሁ ላይ አስቀምጡና እሱ ባዘጋጀው ዓለም ውስጥ ግቡ። ልጃችሁ የሚፈራውን፣ የሚመኘውን፣ ፍትሕ ብሎ የሚያስበውን በአንድ ምሽት ታያላችሁ።

በመጪው ቅዳሜ ከቡና በኋላ ወንበሮቹን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። ስለ ደረቀው ምንጭ ንገሯቸው፣ ከዚያም “ምን ታደርጋላችሁ?” ብላችሁ ዝም በሉ።